ድምፅ መስጠትና ድምፅ መቁጠር፤ የምርጫ ደንብ ውጤትን እንዴት ይለውጣል?



በየቁምስናው የምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ፤ በየማኅበሩ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይሰየማሉ፤ በየሠፈሩ የእድር ዳኛ ይመረጣል፤ በየአገሩም ሕዝብ እንደራሴዎቹን ለመምረጥ ወደ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ይሄዳል። የምርጫ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ሁላችንም የምንጠያየቀው «ማንን እንምረጥ?» እያልን ነው። «የሰጠነው ድምፅ የሚቆጠረውስ በምን ደንብ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ይህ ጥያቄ ከፊተኛው የሚያንስ አይደለም። አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዞ ድምፅ ቢሰጥ እንኳ የቆጠራው ደንብ ሲለወጥ አሸናፊው ሊለወጥ ይችላልና።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዛሬው ዓለም በሚናገረው ሐዋርያዊ ሰነድ፣ ዜጎች ነጻ ድምፃቸውን ለጋራ ጥቅም የማዋል መብትም ግዴታም እንዳላቸው አሳስቧል። ግዴታን በሚገባ ለመፈጸም ደግሞ አስቀድሞ የነገሩን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚሉት፣ በዚህ ትምህርት ምርጫን ከሥሩ፣ ማለትም ከቆጠራው ደንብ ጀምረን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. አንድ ምርጫ፣ ሦስት አሸናፊዎች

ለምሳሌ ያህል በአንድ ቁምስና ውስጥ 60 ምእመናን ተሰብስበው የምክር ቤቱን ምክትል ሰብሳቢ ሊመርጡ ነው እንበል። ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ መምህር፣ አንድ ገበሬና አንዲት ነጋዴ። የመራጮቹም ሐሳብ እንደሚከተለው ተከፍሏል።

25ቱ መምህሩን ያስቀድማሉ፤ መምህሩ ካልሆነ ነጋዴዋን ይመርጣሉ፤ ገበሬውን በመጨረሻ ያደርጋሉ።
20ዎቹ ገበሬውን ያስቀድማሉ፤ ገበሬው ካልሆነ ነጋዴዋን ይመርጣሉ፤ መምህሩን በመጨረሻ ያደርጋሉ።
15ቱ ነጋዴዋን ያስቀድማሉ፤ ነጋዴዋ ካልሆነች ገበሬውን ይመርጣሉ፤ መምህሩን በመጨረሻ ያደርጋሉ።

አሁን ድምፁን በሦስት ልዩ ልዩ ደንቦች እንቁጠር።

የመጀመሪያው ደንብ «ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ብቻ ይጽፋል። መምህሩ 25፣ ገበሬው 20፣ ነጋዴዋ 15 ድምፅ ያገኛሉ፤ መምህሩም ተመረጠ ይባላል። ነገር ግን ከ60ው ሰው መካከል 35ቱ መምህሩን በመጨረሻ ያስቀመጡ መሆናቸውን ልብ እንበል። የእነዚህ ሰዎች ድምፅ በሁለት ዕጩዎች ስለ ተከፈለ፣ አብዛኛው ሰው ያልፈለገው ሰው ሊመረጥ ቻለ።

ሁለተኛው ደንብ «ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ አይመረጥም» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ሁለቱ ፊተኞች፣ መምህሩና ገበሬው፣ ለመለያ ምርጫ ይቀርባሉ። ነጋዴዋን የመረጡት 15 ሰዎች ወደ ገበሬው ያልፋሉ። ገበሬው 35፣ መምህሩ 25 ያገኛሉ፤ ገበሬው ተመረጠ።

ሦስተኛው ደንብ ዕጩዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ያወዳድራል። ነጋዴዋና መምህሩ ብቻ ቢወዳደሩ ነጋዴዋ 35 ለ25 ታሸንፋለች። ነጋዴዋና ገበሬው ብቻ ቢወዳደሩ ደግሞ 40 ለ20 ታሸንፋለች። ስለዚህ ሁለቱንም በየተራ የምታሸንፈው፣ በመጀመሪያው ቆጠራ መጨረሻ ወጥታ የነበረችው ነጋዴዋ ናት። ለአንደኛ ምርጫ ሁለት ነጥብ፣ ለሁለተኛ አንድ ነጥብ፣ ለሦስተኛ ምንም ብለን ብንደምርም ነጋዴዋ 75፣ ገበሬው 55፣ መምህሩ 50 ነጥብ ያገኛሉ።

እነሆ፣ መራጮቹ አልተለወጡም፤ ሐሳባቸውም አልተለወጠም፤ ማንም አላጭበረበረም። የተለወጠው የቆጠራው ደንብ ብቻ ነው። አሸናፊዎቹ ግን ሦስት ሆኑ። «ሕዝቡ እገሌን መረጠ» በምንልበት ጊዜ ሁሉ «በየትኛው ደንብ?» የሚል ጥያቄ የሚከተለው ስለዚህ ነው።

፪. ጥያቄው ጥንታዊ ነው

ይህን ነገር አስቀድመው ከመረመሩት መካከል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይገኛሉ። የማዮርካው ተወላጅ ብፁዕ ራሞን ዩል በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ዕጩዎችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማወዳደርን የሚያስተምር ጽሑፍ ጽፎአል። በደረሰው ታሪክ ውስጥም ደናግል የገዳማቸውን እመምኔት በዚህ ዓይነት ሥርዓት ሲመርጡ ያሳያል። ኋላ ካርዲናል የሆነው የኩሳው ኒቆላዎስ ደግሞ በ1430ዎቹ ለእያንዳንዱ ዕጩ እንደ ደረጃው ነጥብ የሚሰጥበትን ሥርዓት አቀረበ። ያቀረበውም ለንጉሠ ነገሥት ምርጫ ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት፣ ቦርዳና ኮንዶርሴ፣ እነዚህኑ ሁለት መንገዶች እንደ ገና አንሥተው ተከራከሩባቸው። ቦርዳ ነጥብ መደመርን፣ ኮንዶርሴ ሁለት ሁለት ማወዳደርን መረጡ። ኮንዶርሴ በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ አስደናቂ ነገር አሳየ። አንዳንድ ጊዜ ብዙኃኑ ሀን ከለ፣ ለን ከሐ፣ ሐን ደግሞ ከሀ ሊያስበልጡ ይችላሉ፤ ነገሩ እንደ ቀለበት ዞሮ ይገጥማል፤ የማያጠራጥር አሸናፊም አይገኝም። በ1951 አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው፣ ዕጩዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ሁሉንም ተገቢ መመዘኛዎች በአንድነት የሚያሟላ የደረጃ ምርጫ ደንብ ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ።

ከዚህ የምንማረው «ሁሉም ደንብ ከንቱ ነው» የሚለውን አይደለም። እያንዳንዱ ደንብ አንዱን መልካም ነገር ለማግኘት ሌላውን መልካም ነገር የሚተው መሆኑን ነው። ስለዚህ ደንብን መምረጥ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ሥራ ነው።

፫. የሁለት ጎረቤታሞች ታሪክ

በአፍሪካ ደቡብ ብዙ ካቶሊካውያን የሚገኙባት ትንሽዋ የሌሶቶ መንግሥት አለች። ዙሪያዋን በሙሉ የከበባት የደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1990ዎቹ ያደረጓቸው ምርጫዎች ለትምህርታችን ተስማሚ ምሳሌ ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ በሚያዝያ 1994 ሁሉም ዘር የተሳተፈበትን የመጀመሪያውን ምርጫ ስታደርግ የተመጣጣኝ ውክልናን ሥርዓት መረጠች። በዚህ ሥርዓት ፓርቲዎች ከጠቅላላው ድምፅ ባገኙት ድርሻ መጠን መቀመጫ ይከፋፈላሉ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ከመቶ 62.65 ድምፅ አግኝቶ ከ400 መቀመጫዎች 252ቱን ወሰደ፤ ይህም ከመቶ 63 ነው። ብሔራዊ ፓርቲ ከመቶ 20 ድምፅ ገደማ አግኝቶ 82 መቀመጫ ያዘ። የተሸነፉትም በምክር ቤቱ ውስጥ በቁጥራቸው ልክ ድምፅ ኖራቸው።

ሌሶቶ ግን በግንቦት 1998 የመረጠችው በሌላ ደንብ ነበር። አገሪቱ በ80 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ በእያንዳንዱ ክልል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ይመረጣል። የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ የተባለው ፓርቲ ከመቶ 61 ያህል ድምፅ አገኘ፤ ይህም በደቡብ አፍሪካ አሸናፊው ፓርቲ ካገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። መቀመጫው ግን ከ80ው 79 ሆነ። ከመቶ 24 በላይ ድምፅ ያገኘው የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ አንድ መቀመጫ ብቻ ደረሰው።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ ፓርቲ በየክልሉ ከመቶ ስድሳ ድምፅ ካገኘ በየክልሉ ያሸንፋል፤ በየክልሉ ካሸነፈም መቀመጫውን ሁሉ ይወስዳል። የቀሩት አርባዎቹ በአገሩ ሁሉ እኩል ተበትነው ስለሚገኙ የትም ቦታ አንደኛ አይወጡም። ድምፃቸው ተቆጠረ፤ ነገር ግን እንደራሴ አላስገኘም።

የተሸነፉት ወገኖች ይህን ውጤት ሲያዩ «ተጭበርብረናል» ብለው ተነሡ፤ በነሐሴ ወርም በንጉሡ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተሰበሰቡ። ጉዳዩን እንዲመረምር በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ በፒየስ ላንጋ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በአሠራሩ ጉድለት ቢያገኝም፣ ምርጫው ዋጋ ቢስ መሆኑ ተረጋግጧል ለማለት አልቻለም። ሁከቱ ግን አልበረደም። በመስከረም 1998 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ የቦትስዋና ወታደሮችም ተከተሉ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የዋና ከተማዋ የማሴሩ የንግድ ክፍል ተዘረፈ፤ ተቃጠለም።

ከዚህ መከራ በኋላ የሌሶቶ ሰዎች ተቀምጠው ደንባቸውን መረመሩ። በ2002ቱ ምርጫ 80ዎቹ ክልሎች እንደ ቀድሞው እንዲቀጥሉ አድርገው 40 መቀመጫዎች ጨመሩ። እነዚህም ድምፅ አግኝተው መቀመጫ ላጡት ፓርቲዎች ማካካሻ እንዲሆኑ ወሰኑ። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ በዚህ ጊዜ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 22 ገደማ ነበር፤ ከቀድሞው እንኳ ያነሰ ነው። መቀመጫው ግን ከአንድ ወደ 21 ከፍ አለ። በዚያን ጊዜም እንደ 1998ቱ ከተማ አልተቃጠለም። አዲሱ ደንብም ቢሆን ቀዳዳ አልታጣበትም፤ በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሾቹ ጋር ተዋውለው ማካካሻውንም የሚወስዱበት ዘዴ ፈጥረው ነበርና። ያም ደግሞ አዲስ ጭቅጭቅ አስነሣ።

በአንጻሩ በየክልሉ አንድ ሰው የሚመረጥበት ሥርዓት የራሱ ጥቅም እንዳለው መዘንጋት አይገባም። መራጩ እንደራሴውን በስም ያውቀዋል፤ መንገዱ ቢበላሽ፣ ጤና ጣቢያው ቢዘጋ የሚጠይቀው ሰው አለው። በፓርቲዎች ዝርዝር በሚመረጥበት አገር ግን የእንደራሴውን ስም በዝርዝሩ ውስጥ የሚያስቀድሙት ወይም የሚያስከትሉት የፓርቲው መሪዎች ናቸው።

፬. በአገራችን

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። ይህም ሌሶቶ በ1998 የተጠቀመችበት ዓይነት ደንብ ነው።

የዚህን ደንብ ጠባይ በአዲስ አበባ ከተማ ማየት ይቻላል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አገኘ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ በዚያችው ከተማ ኢሕአዴግ ከ23ቱ መቀመጫዎች 22ቱን ወሰደ፤ ለመድረክ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገር ሆኖአል፤ የውጤቱም መለዋወጥ በደንቡ ብቻ የመጣ አይደለም። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ በከተማዋ ውስጥ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ የተሸነፉት መራጮች በመቀመጫዎቹ ቁጥር ውስጥ ሊታዩ አልቻሉም። ደንቡ አሸናፊውን አጉልቶ፣ ተሸናፊውን አሳንሶ ያሳያል። ዛሬ የተጠቀመበት ወገን ነገ ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ ደንብን መመዘን የሚገባው «ለእኔ ወገን ይጠቅማልን?» በሚል ሳይሆን «ተሸናፊ ብሆን ፍትሐዊ ነው ብዬ እቀበለዋለሁን?» በሚል ጥያቄ ነው።

፭. የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ምርጫ

ቤተ ክርስቲያን ራሷ በምርጫ ደንብ ጉዳይ ብዙ ተፈትናለች፤ ብዙም ተምራለች። በጥንት ዘመን ምርጫ የሚጸናው በቁጥር ብልጫ ብቻ አልነበረም፤ «የተሻለው ወገን» የመረጠው ይጸናል የሚል አስተሳሰብም ነበር። ነገር ግን የተሻለው ወገን የትኛው እንደ ሆነ ማን ይፈርዳል? በ1159 የሚበዙት ካርዲናሎች እስክንድር 3ኛን፣ የሚያንሱት ደግሞ ሌላ ሰው መረጡ። ቤተ ክርስቲያንም ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከፈለች። ስለዚህ እስክንድር 3ኛ በ1179 በሦስተኛው የላተራን ጉባኤ፣ ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ያላገኘ ሰው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዳይሆን ወሰኑ።

ይህ ደንብ የመራጮቹን ጠባይ ይለውጣል። አንድ ወገን በግማሽ ድምፅ ብቻ ሊያሸንፍ ስለማይችል ከሌላው ወገን ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱም ሊቀበሉት የሚችሉትን ሰው ይፈልጋሉ። ዋጋው ግን መዘግየት ነው። ቀሌምንጦስ 4ኛ በ1268 በቪተርቦ ከሞቱ በኋላ ካርዲናሎቹ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መስማማት አቃታቸው። የከተማው ሰዎች በር ቆለፉባቸው፤ ጣራውንም እስከ ማንሣት ደረሱ ይባላል። በመጨረሻ በ1271 የተመረጡት ጎርጎርዮስ 10ኛ፣ በ1274 በሊዮን ጉባኤ መራጮቹ በአንድ ቦታ ተዘግተው እንዲቆዩ፣ ምርጫው በዘገየ መጠንም ምግባቸው እየተቀነሰ በመጨረሻ እንጀራ፣ ውሃና ወይን ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። በ1621 ደግሞ ጎርጎርዮስ 15ኛ ማንም ማንንም ፈርቶ እንዳይመርጥ ምስጢራዊ የጽሑፍ ድምፅን አጸኑ። በ1903 የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት በአንድ ካርዲናል አፍ የራምፖላን መመረጥ እንደሚቃወሙ አሳወቁ፤ በዚያው ምርጫ የተሾሙት ፒዮስ 10ኛ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለውን የነገሥታት ጣልቃ ገብነት ፈጽመው ከለከሉ።

በቅርብ ዘመን የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996፣ ከሠላሳ በላይ ድምፅ አሰጣጦች ያለ ውጤት ካለፉ መራጮቹ ተስማምተው ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ እንዲመርጡ ፈቅደው ነበር። በነዲክቶስ 16ኛ ግን በ2007 ይህን አንሥተው ሁለት ሦስተኛውን መለሱ። የደንቡን ጠባይ ለሚመረምር ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ግማሹን ያለፈ ወገን ቀኑ እስኪደርስ ታግሦ መጠበቅ ከቻለ ከሌላው ጋር ለመስማማት የሚያስገድደው ነገር አይኖርም። በሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ልዮን 14ኛ ሲመረጡ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስን ጨምሮ 133 መራጮች ነበሩ፤ የሚያስፈልገውም 89 ድምፅ ነበር። ምርጫው በሁለተኛው ቀን ተፈጸመ።

፮. ለቁምስናችን ምን እንማራለን?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ማትያስ በዕጣ እንደ ተመረጠ፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ የመበለቶች አገልግሎት ጭቅጭቅ ባስነሣ ጊዜ ምእመናን ሰባቱን ሰዎች መርጠው እንዳቀረቡ እናነባለን። ስማቸው የግሪክ ስም መሆኑን ስናይ፣ ቅሬታ ያሰማው ወገን ችላ አለመባሉን እንረዳለን። ከዚህና ከላይ ካየነው ተነሥተን ለየቁምስናው የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የቆጠራው ደንብ ዕጩዎች ከመጠቆማቸው በፊት ተወስኖ ይጻፍ። ስሞች ከታወቁ በኋላ የሚወሰን ደንብ ለሰው የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ኃላፊነት ከሁለት በላይ ዕጩዎች ሲቀርቡ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ብቻ እንዲመረጥ ይደረግ፤ ካልተገኘ የመለያ ምርጫ ይካሄድ። ጊዜ ካለ መራጮች ዕጩዎችን በቅደም ተከተል ቢጽፉ የበለጠ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲመረጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰባት የምክር ቤት አባላት ሲመረጡ እያንዳንዱ መራጭ ሰባት ስም ከጻፈ፣ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ አንድ ወገን ተማክሮ ሰባቱንም ቦታዎች ሊይዝ ይችላል፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ምእመናን፣ ወጣቶች ወይም በሌላ ቋንቋ የሚጸልዩ ወገኖች ያለ ተወካይ ይቀራሉ። እያንዳንዱ መራጭ አራት ስም ብቻ እንዲጽፍ ቢደረግ ግን ለሚያንሰው ወገን ቦታ ይተርፋል።

አራተኛ፣ ድምፁ በምስጢር ይሰጥ፤ ቆጠራው ግን በሁሉም ፊት ይሁን። በእጅ ማውጣት የሚደረግ ምርጫ ባለ ዕዳውን በአበዳሪው ፊት፣ ልጁን በአባቱ ፊት ያሳፍራል።

አምስተኛ፣ የተመረጠው ሰው መጀመሪያ የሚያነጋግረው ያልመረጡትን ይሁን። ደንብ የቱንም ያህል ቢስተካከል ተሸናፊ አይጠፋም። ያ ተሸናፊ በሚቀጥለው እሑድ ከአሸናፊው ጎን ቆሞ ሰላምታ የሚሰጥ ወንድማችን ወይም እህታችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን የመጨረሻው ምርጫ የተካሄደው በምን ደንብ ነበር? ደንቡንስ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀው ነበርን?
2. በመምህሩ፣ በገበሬውና በነጋዴዋ ምሳሌ ውስጥ እናንተ ትክክለኛ የምትሉት አሸናፊ ማን ነው? ለምን?
3. የሌሶቶ ሰዎች ደንባቸውን ያሻሻሉት ከተማቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው። በማኅበራችን ወይም በእድራችን ቅሬታ ሳይበረታ ልናሻሽለው የሚገባ ደንብ አለን?
4. የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደንብ ለየትኞቹ ውሳኔዎች ይጠቅማል? ለየትኞቹስ ሥራን ያጓትታል?

መምህራን፣ ውይይቱን ከመጀመራችሁ በፊት የአንደኛውን ክፍል ምሳሌ በወረቀት ቁርጥራጭ በተግባር አሠሩ፤ ሰዎች በእጃቸው የቆጠሩትን ነገር አይረሱትምና።